ባዶ ቤት ዜሮ አይደለም

ሲስተር ዘነበች መሞቷን የነገረኝ ሰው እኔ እንደማውቃት አያውቅም ነበር። ከጎሬ የመጣ የቡና ነጋዴ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ የመንገዱን ርዝመት ለመርሳት ይመስላል፣ ስለ ሰፈሩ ሰዎች ያወራልኛል። «ባለፈው ሰሞን አንዲት ጡረተኛ ነርስ ቀበርን» አለኝ። «ጉደኛ ሴትዮ ነበረች። ክረምት ከበጋ ቡትስ ጫማ ካላደረገች ከቤት አትወጣም። ልጅ ያዘለች ሴት መንገድ ላይ ካገኘች አስቁማ የልጁን ክንድ ሳትጨብጥ አታሳልፍም።» ስሟን አልጠየቅሁትም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁና እስከ በደሌ ድረስ ሳላነጋግረው ቀረሁ። ሰውየው ምን አስቀየምሁት ብሎ ሳይጨነቅ አልቀረም።

በሕይወት እያለች «አንቺ» ስላት ነው የኖርሁት። ዛሬ ስለሞተች «እሳቸው» ብላት ራሷ የምትቆጣኝ ይመስለኛል። ስለዚህ እንደ ድሮው ልጥራት።

የተዋወቅነው በጃንሆይ ዘመን፣ መቱ ውስጥ በነበረች አንዲት ጤና ጣቢያ ነው። እኔ ሳኒታሪያን ሆኜ ተመድቤ ነበር። ሥራዬ ምንጭ መመርመር፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ሥጋ ቤት መፈተሽ ነው። እሷ ከእኔ ትንሽ ቀድማ የመጣች ነርስ ናት። አባቷ ከሸዋ መጥተው ጎሬ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሷ ግን እዚያው ተወልዳ ስላደገች ኦሮምኛዋ ከአማርኛዋ አያንስም፤ ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስታባብል በኦሮምኛ ትናገራለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ እርምጃዋ ፈጣን ነበረች። እርሳሷን ሹሩባዋ ውስጥ ትሰካውና ትረሳዋለች፤ ከዚያ «እርሳሴን ማን ወሰደው?» እያለች ቢሮውን ሁሉ ታስፈልጋለች። መጀመሪያ ሰሞን እናፋልጋት ነበር፤ በኋላ ግን ዝም ብለን ጭንቅላቷን እንጠቁማት ጀመር።

ሥራዋ ሕፃናትን መመዘን ነው። በዚያን ጊዜ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ታሞ፣ ጠበል ተጠምቆ፣ ሥር ተምሶለት፣ ሁሉም አልሆን ሲል ነው። «ታሞ የመጣ ልጅ ዘግይቶ የመጣ ልጅ ነው» ትላለች። ስለዚህ እሷ ቀድማ ትሄዳለች። በየወሩ ሚዛኑን በበቅሎ አስጭና ወደ ቡሬ፣ ወደ ኡካ፣ ወደ ሶር ፏፏቴ አካባቢ መንደሮች ትወጣለች። የዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ ሚዛኑን ትሰቅልና ልጆቹን የሸራ ሱሪ እያስገባች ታንጠለጥላቸዋለች። ልጁ ይጮኻል፣ እናቱ ትስቃለች፣ ሲስተር የሚዛኑን መርፌ አይታ ቁጥሩን ትጠራለች፣ ጸሐፊያችን ግርማ ይጽፋል።

የሚጽፈው ወረቀት ላይ አልነበረም። ወረቀት የኢሉባቦርን ዝናብ አይችለውም ብላ ሠንጠረዡን የምትሠራው በነጭ አቡጀዲ ላይ ነው። ለአንድ መንደር አንድ አቡጀዲ። ከላይ ወደ ታች የልጆቹ ስም ይወርዳል፣ ወደ ጎን ወራቱ ይሄዳሉ። ለአንድ ልጅ አንድ ረድፍ፣ ለአንድ ወር አንድ ዓምድ። የልጁ ስምና ወሩ የሚገናኙበትን ትንሿን አራት ማዕዘን «ቤት» ትላታለች።

ሁላችንም ሠንጠረዥ እናውቃለን። እሷን ልዩ ያደረጋት አነባበቧ ነው። እኛ ልጅ በልጅ ነበር የምናየው፦ ጫልቺሳ ጨምሯል፣ በቀለ ቀንሷል፣ እያልን። እሷ ግን የዛሬውን ወር ዓምድ እንዳለ ታነሳና ካለፈው ወር ዓምድ ጋር ታስተያየዋለች፤ ይኼን ከዚያ ቀንሳ አጠገቡ አዲስ ዓምድ ትጽፋለች፤ የልዩነት ዓምድ። ከዚያ አውራ ጣቷን ከላይ እስከ ታች በዚያ ዓምድ ላይ ቀስ አድርጋ ታወርዳለች። ያን ጊዜ ማንም አያናግራትም።

«ለምንድን ነው እንዲህ የምትደክሚው? የከሳ ልጅ እኮ በዓይን ይታያል» አልኋት አንድ ቀን።

«አንድ ልጅ ቢከሳ ልጁ ታሟል» አለች ጣቷን ሳታነሳ። «ዓምዱ ቢከሳ መንደሩ ታሟል። ልጁን እናቱ ታየዋለች። መንደሩን ማን ይየው?»

ግርማ የተጣላት በባዶ ቤት ምክንያት ነው። ለመመዘን ያልመጣ ልጅ ሲኖር ቤቱ ባዶ ይቀራል። ግርማ ደግሞ ንጹሕ ሥራ የሚወድ፣ ጽሕፈቱ የቤተ ክህነት ጽሕፈት የሚመስል ሰው ነው። ባዶ ነገር ዓይኑን ይወጋዋል። ስለዚህ ያልመጡት ልጆች ቤት ውስጥ ሁሉ የሚያማምሩ ዜሮዎች ጻፈ። ሲስተር ዓምዱን ስትቀንስ የኡካ ልጆች ግማሾቹ ሙሉ ክብደታቸውን በአንድ ወር ያጡ ሆነው ተገኙ።

«አቶ ግርማ!» አለች፤ ድምፅዋ ግቢው ድረስ ተሰማ። «ይኼ ልጅ ዜሮ ኪሎ ነው የሚመዝነው?»

«አልመጣማ፣ ሲስተር።»

«ዜሮ ማለት እኮ መዝነነው ምንም የለም ማለት ነው። እኛ መቼ መዘንነው? አላየነውም! ያላየኸውን አየሁ ብለህ ለምን ትጽፋለህ? ባዶ ቤት ዜሮ አይደለም። ባዶ ይሁን፤ ባዶው ነው የሚጠራን።»

ይኼ ቃሏ ቀልድ ሆኖብን ቀረ። ሻይ ቤት ገብተን አስተናጋጁ ሲዘገይ ግርማ ባዶ ብርጭቆውን ያነሳና «ይኼ ዜሮ አይደለም፤ ይኼ ይጠራሃል!» ይለዋል። እሷ ግን የምሯን ነበር። ሠንጠረዡ ላይ ባዶ ቤት ካለ የልጁን ቤት ፈልጋ ትሄዳለች። ዝናብ አይመልሳት፣ የሶር ዳገት አያደክማት፣ አልቅት ቡትሷ ውስጥ ገብቶ ደሟን ቢመጥ እንኳ ነቅላ ጥላ መንገዷን ትቀጥላለች። ብዙ ጊዜ ልጁ ደህና ሆኖ ታገኘዋለች፤ እናቱ ገበያ ሄዳ ነው፣ ወይም አያቱ ዘንድ ሰንብቶ ነው። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ትመለሳለች፤ በከንቱ ደከምሁ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሥራውን ሲያሳየኝ አሰብኋት። ልጁ ቁጥር በሚያሰሉ ፕሮግራሞች ነው የሚተዳደረው። አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ አምጥቶ አንድ መስመር ጻፈና አንዱን ዓምድ ከሌላው በቅጽበት ቀነሰው፤ እልፍ ረድፍ ይሆናል። «ባዶ ቤት ሲያጋጥመውስ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ዜሮ አያደርገውም፣ ጋሼ፤ ቁጥር የለም ብሎ ባዶነቱን ይዞ ነው የሚያልፈው» አለኝ። ልጁ ምን እንዳሳቀኝ አልገባውም። አንዲት ሴት ይኼን ያህል ለማስተማር ስንት ጭቃ እንደረገጠች ብነግረውም አያምነኝም ብዬ ተውሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

አንድ ወር ላይ የሁሉም መንደር ልዩነት ዓምድ ወረደ። ቡሬም፣ ኡካም፣ ሶርም። ወፍራሙም ቀጭኑም ልጅ ግማሽ ኪሎ ግድም ቀንሷል። ኃላፊያችን ደነገጠ። ወጣት ሐኪም ነው፤ ሥራ የሚወድ፣ ግን ከበላይ አካል የሚመጣ ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ነበር። ረሃብ ገባ ብሎ ሊጽፍ ወረቀት ሲያወጣ ሲስተር አስቆመችው።

«በሽታ እንዲህ እኩል አድርጎ አያካፍልም» አለች። «ጡት የሚጠባውም፣ ድክ ድክ የሚለውም እኩል? ይኼ የልጆቹ ጉዳይ አይደለም።»

ከሱቅ ያልተከፈተ የሁለት ኪሎ ስኳር አስመጣችና ሚዛኑ ላይ ሰቀለችው። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ተኩል አለ። ለካ ሚዛኑ ከበቅሎ ወድቆ መርፌው ጎብጦ ኖሮ፣ ባዶውን ሲንጠለጠል እንኳ ከዜሮ ወደ ኋላ ቆሟል። ግርማ እያንዳንዱን ቁጥር ሰርዞ ሊያስተካክል ተቀመጠ። እሷ ከዓምዱ ራስ ላይ «ግማሽ ይጨመር» ብላ ጻፈችበትና «ስህተቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ዓምዱን አንድ ጊዜ አርመው፣ ከዚያ የልዩነቱን ዓምድ እንደገና ሥራው» አለችው። ዓምዱ ቀና አለ። በስኳሩ ሻይ አፍልተን ጠጣን። እኔ ያንን ቀን የማስታውሰው በሳቅ ነው፤ በኋላ ግን ይኼው የሚዛን ስህተት እውነተኛውን ቁጥር የሚያስጠረጥር ሆነ።

ክረምቱ ሲገባ ከሶር ፏፏቴ ወዲህ ያለችው መንደር ዓምድ ወረደ። የሌሎቹ መንደሮች ደህና ነው። ሲስተር አቡጀዲውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አውራ ጣቷን አወረደች፣ ደግማ አወረደች።

ኃላፊያችን ከኋላዋ ቆሞ አየና «ያ ሚዛን ደግሞ ጀመረው?» አለ።

«ስኳር አስመዝኜበታለሁ፤ ልክ ነው። ደግሞ አያችሁ፣ እኩል አይደለም። ይኼ አንድ ኪሎ ጥሏል፣ ይኼ ትንሽ ነው የጣለው፣ እነዚህ ደግሞ ጨምረዋል።» እርሳሷን ከሹሩባዋ መዘዘች፤ ያን ቀን የት እንዳለ አልረሳችም። «እነዚህ የጨመሩት ልጆች ምን ለይቷቸው ነው?»

ወደ እኔ ዞረች። «ውሃ ከየት ነው የሚቀዱት?»

አላውቅም ነበር። በማግስቱ አብረን ወጣን። ቤት ለቤት እየዞረች «ቢሻን ኤሳ ዋራብዱ?» ትላለች፤ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ ማለቷ ነው። መልሱን በአዲስ ዓምድ ትጽፋለች። ገና ቀትር ላይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ልጆቻቸው የጨመሩት እናቶች ከመንገዱ በላይ የሚኖሩ፣ ከሩቅ ጅረት የሚቀዱ ናቸው። የቀነሱት በሙሉ ከታች፣ ከድሮው ምንጭ የሚቀዱ። ምንጩ ድረስ ወርደን አየነው። ዙሪያው በአዲስ አጥር ታጥሯል። ውስጡ ከብቶች ቆመዋል፤ ውሃው እግራቸው ሥር ጭቃና እበት ሆኖ፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። ሴቶቹ ከዚያ ነው የሚቀዱት።

አጥሩን ያሳጠሩት የመሬቱ ባለቤት ፊታውራሪ ናቸው። ስማቸውን ልተወው፤ ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው አገር አሉ። ክፉ ሰው ነበሩ ማለት ይከብደኛል። በአክብሮት ተቀበሉን፣ ጠጅ አስቀዱልን። ሲስተር ጉዳዩን ስትነግራቸው ብርሌያቸውን አስቀምጠው አዳመጡ።

«ምንጩ ከአባቴ በወረስሁት መሬት ላይ ነው የሚፈልቀው» አሉ። «ከብቶቼ ወንዝ ድረስ ሲነዱ በገደሉ ያልቃሉ። ደግሞ ውሃውን ማንን ከለከልሁ? ይኸው ይወርድላቸዋል።»

«አልከለከሉም፣ ፊታውራሪ። ግን ለሰው የሚደርሰው ከብቶቹ ከረገጡት በኋላ ነው።»

«ይኼ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኼንኑ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል።»

«አጥሩ ግን ዘንድሮ ነው የታጠረው።»

እሷ አቡጀዲውን ምንጣፉ ላይ ዘርግታ የልዩነቱን ዓምድ ልታሳያቸው ጎንበስ አለች። አላዩትም። «ጨርቅሽን ሰብስቢ፣ ልጄ» አሉ፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም። «እኔ የምተዳደረው በርስት ሕግ ነው እንጂ በጨርቅ አይደለም።»

ስንወጣ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሷ አቡጀዲውን እያጠፈች «በሚቀጥለው ወር እንመለሳለን» አለች።

በሚቀጥለው ወር ስንመዝን ሁለት ባዶ ቤት ተገኘ። ሁለቱም ከታች፣ ከድሮው ምንጭ ከሚቀዱት ናቸው። ሲስተር ሚዛኑን እንኳ ሳታወርድ «ተነሥ» አለችኝ። የመጀመሪያው ጫልቱ የምትባል የፊታውራሪው ጭሰኛ ሚስት ቤት ነበር። ጫልቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ከዚህ በፊት ስንመጣ ተነሥታ የምትቀበለን ሴት አልተነሣችም።

«ቶሎሳስ?» አለች ሲስተር።

«ዱኤ» አለች ጫልቱ። ሞተ ማለቷ ነው።

ሲስተር ጭቃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ አላጽናናቻትም። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ብዙ ቆዩ። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ የማደርገው ጠፋኝ። ከሁለተኛው ቤት ደጃፍም የሰማነው ያንኑ ቃል ነው። ወደ መቱ ስንመለስ እርምጃዋ ከወትሮው ይበልጥ ፈጥኖ ነበር፤ በቅሎዋን ቀድማ ትሄዳለች።

ቢሮ ስንደርስ ቀድሞን የተመለሰው ግርማ ቁጥሩን ደምሮ ጨርሷል፤ ኃላፊያችን ደስ ብሎታል። «ይኸው፣ ሲስተር» አለ። «የሶር ልጆች አማካይ ክብደት ከፍ ብሏል። መንደሩ አገግሟል ማለት ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ ይኼንን አስውበን እናቀርባለን።»

እሷ እንደቆመች ነበር። ቡትሷ ወለሉን አጨቅይቶታል።

«ከፍ ያለው ለምን እንደሆነ ልንገርዎት?» አለች። «ከሁሉም ቀላሎቹ ሁለት ልጆች ስለሞቱ ነው። እነሱ ሲወጡ የቀሩት አማካይ ከበደ። ሌላ ሁለት ቢሞቱ ደግሞ ይበልጥ ከፍ ይልልናል።»

ኃላፊያችን መነጽሩን አወለቀ።

«ሞተዋል ካልሽ... ረድፋቸውን ማውጣት ነው እንግዲህ» አለ ቀስ ብሎ። «የሞተ ልጅ ሠንጠረዥ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ረድፋቸው ይቆያል።»

«ሲስተር፣ ጎብኚዎቹ ባዶ ቤት ሲያዩ ሥራችንን ያልሠራን ነው የሚመስላቸው። ወይ አውጪያቸው፣ ወይ በአማካዩ ሙያቸው።»

«አላወጣም፣ አልሞላምም። ከፈለጉ እርስዎ ራስዎ ይቀንሱ። በሁለቱም ወር የተመዘኑትን ልጆች ብቻ ይውሰዱ፤ የአንዱን ረድፍ ከዚያው ረድፍ ጋር። ከዚያ ይንገሩኝ አገግመው ከሆነ።»

እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ወጥታ የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ አልሄደችም። ሐኪሙ ተቀመጠና ራሱ ይቀንስ ጀመር። ሥራ የሚወድ ሰው ነበር ብያለሁ፤ በቁጥር አይዋሽም። ከታች ሲደርስ እጁ ዘገየ። ሌሎቹ ልጆችም እንደገና ቀንሰው ነበር፤ አማካዩ ብቻ ነው የሸፈናቸው።

«ምን ላድርግ?» አለ በመጨረሻ። «ፊታውራሪን እኔ ላሳስራቸው?»

«አያሳስሯቸውም። ሲሚንቶና ቱቦ ይፈርሙልን፤ ምንጩን ከዓይኑ፣ ከሚፈልቅበት ላይ፣ እንይዘዋለን። ሌላውን ለእኛ ይተዉት።»

ፈረመ። ግን ምንጩ በአጥር ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ አካፋ አይገባም።

ሲስተር ያደረገችውን እነግራችኋለሁ። የመመዘኛውን ቦታ ከዋንዛው ሥር አንሥታ ወደ ምንጩ አጥር ጥግ ወሰደችው፤ ፊታውራሪው ከቅዳሴ ሲመለሱ የሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው። ቀኑን እሑድ አደረገችው። በወር የነበረውን በየሳምንቱ አደረገችው። የዕረፍት ቀኗ ነው፤ ማንም አላዘዛትም። አቡጀዲውን አጥሩ ላይ በእሾህ ወጥራ ሰቀለችው። እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። እኔ መጀመሪያ አልሄድም ብዬ ነበር፤ ከሥራ እንባረራለን ብዬ ፈርቼ። «እሺ፣ ቅር» አለችኝና ሄደች። በሁለተኛው እሑድ ከበቅሎዋ ኋላ ራሴን አገኘሁት።

ፊታውራሪው በበቅሏቸው ሆነው፣ አሽከሮች ተከትለዋቸው ያልፋሉ። መጀመሪያ አላዩንም። ከዚያ አዩና ፊታቸውን አዞሩ። አሽከራቸው መጥቶ ጨርቁን አንሡ አለን። ሲስተር «ጌታዬን እጅ እነሣለሁ በልልኝ፤ መዝነን ስንጨርስ እናነሣለን» አለችው። መዝነን ሳንጨርስ ዝናብ መጣ። አቡጀዲው ረጠበ፣ እሷም ረጠበች፣ አንዲትም እናት አልተነሣችም።

ሌላ እሑድ ፊታውራሪው በቅሏቸውን አቆሙ። አልወረዱም። «ምንድን ነው የሚለው ይኼ ጨርቅ?» አሉ፤ የጠየቁት ግን ሲስተርን አልነበረም፤ ወደ ሴቶቹ ነው ያዩት።

ሲስተር አፏን ልትከፍት ስትል ጫልቱ ብድግ አለች። የምታስመዝነው ልጅ የላትም፤ ግን በየእሑዱ ትመጣ ነበር። ማንበብ አትችልም። ቢሆንም የልጇን ረድፍ ታውቀዋለች። ጣቷን አጥሩ ላይ በተወጠረው ጨርቅ ላይ አድርጋ ከዳር ጀምራ እየነካች፣ በኦሮምኛ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር ተናገረች፦ «እዚህ ተወልዶ ነው። እዚህ ተቀምጦ ነው። እዚህ ጥርስ አውጥቶ ነው። እዚህ አጥሩ ታጠረ። እዚህ ከሳ።» ከዚያ ባዶው ቤት ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እዚህ የለም።»

ፊታውራሪው ኦሮምኛ ከማንም እኩል ያውቃሉ። በቅሏቸው ጭራዋን እየወዘወዘች ቆመች። አሽከሮቹ መሬት መሬት ያያሉ።

«የኛው ተሰማ ልጅ ነው?» አሉ። ተሰማ የጫልቱ ባል ነው።

«ኤዬ፣ ጎፍታ» አለች፤ አዎ ጌታዬ። «ቢሻን ኩን ከን ኢጆሌ ኬኛ ቲ።» ይኼ ውሃ የልጆቻችን ነው።

ለጭሰኛ ሚስት ይኼ ትልቅ ቃል ነበር። እኔ ጅራፍ ጠበቅሁ። ፊታውራሪው ልጓሙን ሳቡና ሄዱ። ከቀናት በኋላ አሽከራቸው ጤና ጣቢያ መጥቶ «ምንጩ ዓይን ላይ የምትሠሩትን ሥሩ፤ ከብቶቹ ከታች በኩል ከገንዳ ይጠጣሉ፤ ገንዳውንም እናንተ ሥሩ ብለዋል» አለን። ሲስተር ይቅርታ አልጠበቀችም፣ ድልም አላለችው። «ገንዳው ስንት ከብት የሚያጠጣ ይሁን?» ብላ ጠየቀችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጀምር» አለችኝ።

ድንጋዩን የመንደሩ ሰው አጋዘ። ጫልቱና ሌሎቹ ሴቶች አሸዋ በቅል ከሶር ወንዝ አመላለሱ። ምንጩን ከዓይኑ ላይ አፍነን በቱቦ ወደ ውጭ አወጣነው፤ የተረፈው ወደ ከብቶቹ ገንዳ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የልዩነቱ ዓምድ ቀስ እያለ ተነሣ። ሁሉም ልጅ እኩል አልጨመረም፤ አንዱ ዘግይቶ ነው፣ አንዱ ክረምቱን ሙሉ ሲያስል ከርሞ ነው። ሲስተር ግን ባለመተካከሉ ተደስታ «ይኼ እውነተኛ ነው» አለች። የቶሎሳና የሌላው ሕፃን ረድፍ ከነባዶ ቤቱ እስከ መጨረሻው ሠንጠረዡ ላይ ቆየ። ጎብኚዎቹ መጥተው ሲጠይቋት ራሷ አስረዳቻቸው፤ ምንም አልደበቀችም።

ይኼ አልተወደደም። ዓመት ሳይሞላ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል የዝውውር ደብዳቤ መጣ፤ ሌላ ጠቅላይ ግዛት፣ ማንንም ወደማታውቅበት አገር። ኃላፊያችን እንዳልጻፈው በእግዚአብሔር ስም ማለላት። «አውቃለሁ» አለችው። ግርማ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሲያለቅስ ሳቀችበት። እኔ አቤቱታ እንጻፍ ብያት ነበር። «የምሄድበት አገር ልጅ የለም እንዴ?» ብላ ዘጋችኝ። ብዙ አገር ዞራ በጡረታ ወደ ጎሬ የተመለሰችው እኔ ከኢሉባቦር ከወጣሁ በኋላ ነው። ከተለያየን ወዲህ ተያይተን አናውቅም።

የተለያየነው መቱ አውቶቡስ መነሻው ላይ ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ጥሩምባ እየነፋ ሳለ ከሶር የመጡ ሴቶች ደረሱ፤ ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ነው የመጡት። ጫልቱ አዲስ ልጅ በአንቀልባ አዝላለች፤ ሴት ልጅ ናት፤ ገና አንገቷ ያልጠና። ከጀርባዋ አውርዳ ለሲስተር ሰጠቻት።

ሲስተር ልጅቷን ደረቷ ላይ አድርጋ ያዘቻት። አውቶቡሱ እንደገና ጥሩምባ ነፋ። ሴቶቹ ዙሪያዋን ከበቧት፤ እያንዳንዷ ቁጥር እንድትጠራ የምትጠብቅ ይመስል ነበር።

«ሜቃ?» አለች ጫልቱ እየሳቀች። ስንት ኪሎ ሆነች?

ሲስተር ጉንጯን የልጅቷ ራስ ላይ አሳረፈች።

«አላውቅም» አለች። «ዛሬ ዝም ብዬ ልቀፋት።»